ቀኑ ሲያልፍ ዕዳው የማን ነው? ስለ ዓለም ፍጻሜ ትንበያዎች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የተነሡት «ዓለም በዚህ ቀን ይጠፋል» ብለው ተናግረው ቀኑ ያለፈባቸውን ሰዎች ለመከላከል ነው። ክርክራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ቀን የቆረጡት ሰዎች የተሳሳቱት ስሌት ላይ ብቻ ነው፤ የዘመናችንን ያህል ምልክት የታየበት ዘመን የለም፤ ብዙ ሕዝቦች ስለ አንድ ነገር መናገራቸው ነገሩ እውነት ለመሆኑ ማስረጃ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ስለ ጥፋት ይተነብያሉ፤ በትንበያው የሚያምኑትን አላዋቂ ማለት ነውር ነው፤ ትንበያው ባይፈጸም እንኳ ሰውን ወደ ንስሐ ስለሚመራ ጉዳት የለውም። መደምደሚያቸው ደግሞ ምክር ነው። «ከአሥር ዓመት በላይ አንቆይምና የረጅም ጊዜ ዕቅድ ማውጣት ከንቱ ነው» ይላሉ።

ብዕር ያስነሣኝ ይህ የመጨረሻው ምክር ነው። በወጣትነቴ አብሮኝ ይማር የነበረ ጓደኛዬ ልክ እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ ትምህርቱን በመጨረሻው ዓመት አቋረጠ። የተባለው ዓመት መጣ፤ አለፈ። መካሪው ሌላ ዓመት ጠራ። ጓደኛዬ ግን ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ስለዚህ ይህን ዓይነት ጽሑፍ እንደ ተራ ወሬ አንብቤ ማለፍ አልችልም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ዓለም አንድ ቀን ፍጻሜ ይኖረዋል ማለት የብዙዎች እምነት ነው፤ ከዚህ እምነት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ቀን ከመቁረጥ ጋር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተሳሳቱት ስሌት ላይ ብቻ ነው»

ይህ አባባል ሊፈተን የሚችል ነው፤ ተፈትኖም ያውቃል። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ገበሬ የነበረው ዊልያም ሚለር በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ቁጥር 14 ላይ የተጻፈውን 2300 ቀን እያንዳንዱን ቀን አንድ ዓመት አድርጎ ቆጠረው። መነሻውን ከክርስቶስ ልደት በፊት 457 ዓመት ላይ አደረገ። ከ2300 ላይ 457 ሲቀነስ 1843 ይመጣል። ሚለር ይህን ለዓመታት ለብቻው ሲያጠና ቆይቶ በ1831 መስበክ ጀመረ፤ በኋላም ተጠይቆ ጊዜውን ከማርች 1843 እስከ ማርች 1844 ድረስ ብሎ ወሰነው።

ጊዜው አለፈ። ተከታዮቹ ወደ ስሌቱ ተመልሰው ስህተት አገኙ፤ ያገኙትም እውነተኛ ስህተት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው የመጨረሻ ዓመት በቀጥታ ወደ አንደኛው ዓመት ይታለፋል እንጂ በመካከላቸው ዜሮ የሚባል ዓመት የለም። ስለዚህ አንድ ዓመት መጨመር ነበረበት። ሳሙኤል ስኖው የተባለ ሰባኪ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ነው አለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ተቀበሉት። ሰብሉን ሳያጭድ ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር፤ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ ነበር። ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው ጎሕ ሲቀድ አለቀሱ።

ጸሐፊው እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ስሌቱ ታርሟል። የታረመውም በትክክል ነው። የታረመው ስሌትም ከሸፈ። እንግዲህ ስህተቱ በመደመርና በመቀነስ ላይ ከነበረ፣ በዚያ ማለዳ የቀረ የመደመር ስህተት የት ነበር?

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ የሚያሳየው ግን የሃሮልድ ካምፒንግ ቁጥር ነው። ካምፒንግ በራዲዮ ይሰብክ የነበረ አሜሪካዊ ነው። መጀመሪያ ሴፕቴምበር 1994ን ጠቆመ። ያ ሲያልፍ ሜይ 21 ቀን 2011 አለ። ከማስረጃዎቹ አንዱ እንዲህ ነበር፦ ክርስቶስ የተሰቀለው ኤፕሪል 1 ቀን 33 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ እስከ ሜይ 21 ቀን 2011 ድረስ በእሱ ቆጠራ 722,500 ቀን አለ፤ 5 የስርየት፣ 10 የፍጹምነት፣ 17 የሰማይ ቁጥር ነው፤ ሦስቱ ሲባዙ 850 ይሆናሉ፤ 850 በራሱ ሲባዛ 722,500 ይመጣል። አንባቢ ወረቀት ወስዶ ቢያባዛ ልክ ሆኖ ያገኘዋል። ሰውን የሚማርከውም ይህ ልክ መሆኑ ነው። ግን እዚያው ወረቀት ላይ 4 በ625 በ289 ቢያባዛም ያው 722,500 ይመጣለታል። 4ን ለአራቱ የምድር ማዕዘናት፣ ሌሎቹንም ለሌላ ነገር መስጠት የሚከለክለው ማን ነው? የቁጥሮቹን ትርጉም የሚሰጠው ሰውዬው ራሱ ከሆነ፣ መድረሻውን አስቀድሞ መርጦ መንገዱን ኋላ መጥረግ ይችላል።

መነሻውስ ቢሆን? ጄምስ አሸር የተባሉት የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው አሉ። ካምፒንግ 11,013 አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 5500 ይላሉ፤ የቢዛንታይኖች ቆጠራ ደግሞ 5508 ነው። በዚህ በመጨረሻው ቆጠራ ሰባተኛው ሺህ ያለቀው በ1492 ነበር። በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዥ እስከዚያ ዓመት ድረስ ብቻ ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ዓመቱ በሰላም ሲያልፍ የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለስምንተኛው ሺህ አዲስ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። እኛም አንድ አስደንጋጭ ነገር ባየን ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» እንላለን። በ5500 ቆጠራ ሰባት ሺሁ የሞላው በ1500 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ይህም በራሳችን አቆጣጠር። ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። አባቶቻችን ፈርተውት ገቡበት፤ ኖሩበት፤ አለፉበት።

አሁንም ስሌት ነው ከተባለ፣ ሚካኤል ሽቲፈልን ማንሣት ይበቃል። ሽቲፈል በ16ኛው መቶ ዘመን ጀርመን ከነበሩት ምርጥ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱና የማርቲን ሉተር ወዳጅ ነበር። የፊደላትን ቁጥር አስልቶ ዓለም ኦክቶበር 19 ቀን 1533 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ትጠፋለች አለ። ምእመናኑ ሥራቸውን ትተው፣ ያላቸውን በትነው ጠበቁ። ሰዓቱ አለፈ፤ ሽቲፈልም ታሰረ፤ ከከባድ ቅጣት ያዳነው የሉተርና የወዳጆቹ ምልጃ ነው። በ1544 ያሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ በታሪክ ይጠቀሳል። ይህ ሰው ማስላት አቅቶት ነበር የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

«የዘመናችንን ያህል ምልክት የታየበት ዘመን የለም»

ጸሐፊው የመሬት መንቀጥቀጥን፣ ወረርሽኝንና ጦርነትን ይጠቅሳሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ ከሁሉ ይልቅ በቁጥር የሚያዝ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ከ1900 ገደማ ወዲህ ባለው መዝገብ መሠረት መጠኑ 7 እና ከዚያ በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ በአማካይ በዓመት 16 ጊዜ ይደርሳል። በ2010 ቁጥሩ 23 ነበር፤ በ1989 ደግሞ 6 ብቻ። ይወጣል፤ ይወርዳል። ያለማቋረጥ የጨመረው የመለኪያ ጣቢያው ብዛት ነው። በ1931 በመላው ዓለም የነበሩት ጣቢያዎች 350 ገደማ ሲሆኑ ዛሬ በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ስለዚህ በዓመት 20,000 ያህል መንቀጥቀጥ ይመዘገባል፤ በቀን ከ50 በላይ ማለት ነው። በዚህ ላይ በሩቅ አገር የተናጋው መሬት ምስል በደቂቃ ውስጥ እጃችን ላይ ይደርሳል። አያቶቻችን የማይሰሙትን ሁሉ እንሰማለን፤ ከዚያም የመስማታችንን ብዛት የመከራው ብዛት አድርገን እንቆጥረዋለን።

ወረርሽኝን በተመለከተ፣ ከ1347 እስከ 1351 ድረስ በተዛመተው ጥቁር ሞት ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶው አልቋል። በዚያ ዘመን ቀባሪ ያጣ ከተማ ውስጥ ቆሞ «ፍጻሜው ዛሬ ነው» ያለ ሰው ከጸሐፊው የተሻለ ማስረጃ ነበረው፤ ተሳስቷል። በአንጻሩ ለሺህ ዓመታት ሰው ስትፈጅ የኖረችው ፈንጣጣ ከምድር ገጽ መጥፋቷን የዓለም የጤና ድርጅት በ1980 አውጇል። ምልክት ቆጣሪዎች ይህን የሚጽፉበት አምድ የላቸውም። የጭንቁን ብቻ የሚመዘግብ መዝገብ ሁልጊዜ ስለ ጭንቅ መናገሩ አይቀርም።

«ብዙ ሕዝቦች ተናግረዋል፤ እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ዋና አድርገው ያቀረቡት የመካከለኛው አሜሪካን ጥንታዊ ሕዝብ፣ ማያዎችን ነው። ማያዎች ግን ዓለም ዲሴምበር 21 ቀን 2012 ይጠፋል አላሉም። በረጅሙ አቆጣጠራቸው አንድ ባክቱን 144,000 ቀን ነው፤ በዚያ ቀን 13ኛው ባክቱን ሞላ፤ በጠቅላላው ከ5,100 ዓመት በላይ የሆነ አንድ ዙር ተዘጋ። የመኪና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ 99,999 ደርሶ ወደ ዜሮ ሲመለስ መኪናው አይፈነዳም። እንዲያውም በጥንታዊቷ ከተማቸው በፓሌንኬ የተገኘ የማያዎች ጽሑፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ4772 ስለሚውል ቀን ይናገራል። ከ2012 በኋላ ዓለም የለም ብሎ የሚያምን ሕዝብ ስለዚያ ቀን ምን ብሎ ይጽፋል?

ስለ ምስክሮቹ ብዛት ደግሞ፣ ምስክሮች የሚደጋገፉት ሲስማሙ ነው። እዚህ የቀረቡት በቀኑም፣ በአጠፋፉም፣ በምክንያቱም የተለያዩ ናቸው። በ1499 የታተመ የዮሐንስ ሽቶፍለር የከዋክብት መዝገብ ፕላኔቶች በፌብሩዋሪ 1524 በዓሣ ኮከብ ውስጥ እንደሚሰበሰቡ ስላሳየ አውሮፓ በጎርፍ ትጠፋለች ተብሎ ተፈራ። በ1910 ምድር በሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጅራት ውስጥ ስታልፍ ሰው በመርዝ ጋዝ ያልቃል ተባለ፤ ከመርዙ ያድናል የተባለ ኪኒን እንኳ ተሸጠ። አንዱ በውኃ፣ ሌላው በጋዝ። ሁሉም የሚመሰክሩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በየዘመኑ እንደሚፈራ።

«ሳይንቲስቶችም ይተነብያሉ»

ይህ ነጥብ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ፖል ኤርሊክ በ1968 በ1970ዎቹ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ ያልቃሉ ብሎ ጻፈ። ረሃብ ነበረ፤ ያ መዓት ግን አልደረሰም። በ1980 የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጁሊያን ሳይመን የአምስት ማዕድናት ዋጋ በአሥር ዓመት ውስጥ ይወደዳል ወይስ ይረክሳል በሚል ውርርድ ገጠመው። በ1990 የአምስቱም ዋጋ፣ የገንዘብ ግሽበት ሲቀነስ፣ ወርዶ ስለተገኘ ኤርሊክ 576 ዶላር ከ7 ሳንቲም የሚል ቼክ ላከ። ኤርሊክ ሳይንቲስት መሆኑ ከስህተት አላዳነውም፤ ማንንም አያድንም።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? አፖፊስ የተባለውን አስትሮይድ እንውሰድ። በ2004 እንደተገኘ ኤፕሪል 13 ቀን 2029 ከምድር ጋር የመጋጨት ዕድሉ እስከ 2.7 በመቶ እንደሚደርስ ተሰላ። ይህም እንግዲህ የተቆረጠ ቀን ነው። ግን ከቀኑ ጋር የመሳሳት መጠኑ አብሮ ተነገረ፤ ዕድሉም 97 በመቶ እንደማይጋጭ ተጻፈ። ተጨማሪ ምልከታ ሲገኝ ዕድሉ ወደ ዜሮ ወረደ፤ በ2021 የተደረገ የራዳር ልኬት ደግሞ ቢያንስ ለመቶ ዓመት ስጋት እንደማይሆን አረጋገጠ። በተባለው ቀን ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ስሌቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሻሩት፤ ቀኑ እስኪያልፍ አልጠበቁም፤ ማንንም ቤትህን ሽጥ አላሉም።

ሌላም ዓይነት ትንበያ አለ፤ ጸሐፊው ከከሸፉት ጋር የደመሩት። በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሸርዉድ ሮውላንድ በማቀዝቀዣና በሚረጩ ጣሳዎች ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዱ አስጠነቀቁ። በ1985 በአንታርክቲካ ላይ ቀዳዳው ታየ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኬሚካሎቹ ታገዱ፤ ሽፋኑም በማገገም ላይ ነው። የ2000 ዓ.ም. የኮምፒውተር ችግርም እንዲሁ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ሲነጋ ብዙ ነገር ያልተበላሸው፣ በብዙ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚጽፉትን ፕሮግራሞች ለዓመታት ሲያርሙ ስለቆዩ ነው። «ይህን ካላደረግን ይህ ይደርሳል» የሚል ማስጠንቀቂያ ተደርጎበት ሲቀር ሥራውን ሠራ ይባላል። «ምንም ብታደርጉ ይደርሳል» የሚለው ግን ሰውን ከሥራ ያስፈታል። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተታቸው አሳዝኖኛል፤ በእውነተኛ ማስጠንቀቂያ ላይ እንኳ ጆሯችንን እንድንደፍን ያደርጋልና።

«የሚያምኑት አላዋቂዎች አይደሉም»

በዚህ ነጥብ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ስለ ተስማማሁም ነው ረዘም አድርጌ የምሄድበት። ሽቲፈል አላዋቂ አልነበረም። የሚለር ተከታዮች መጽሐፋቸውን ገልጠው ስሌቱን አንድ በአንድ የሚመረምሩ ሰዎች ነበሩ። ከቀኑ በኋላ ያላገጡባቸውና የጸሎት ስፍራቸውን ያጠቁት ናቸው ይልቅ ሊያፍሩ የሚገባቸው። በ2012 በ21 አገሮች የተደረገ የኢፕሶስ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከሰባት ሰዎች አንዱ ዓለም በእሱ ዕድሜ ታልፋለች ብሎ እንደሚያምን አሳይቷል። ይህን ሁሉ ሰው ሞኝ ነው ብሎ ማለፍ ራሱ ማሰብን መተው ነው።

ታዲያ ለምን ያምናሉ? እኔ እንደማየው መነሻው አብዛኛውን ጊዜ መከራ ነው። የሚለር ስብከት በሰፊው የተሰማው ከ1837ቱ የአሜሪካ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ባሉት የጭንቅ ዓመታት ነው። ሥራ ያጣ፣ ልጁን የቀበረ፣ ፍርድ የተጓደለበት ሰው «እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። ቀን ቆራጩ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ቁጥር ይመልሳል። «አንድ ቀን» የሚለው ተስፋ ሩቅ ነው፤ «ኦክቶበር 22» የሚለው ግን በቀን መቁጠሪያ ላይ ጣት የሚያርፍበት ነው። መከራው ትርጉም ያገኛል፤ ጨቋኙም ዕድሜው የተቆጠረ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የሚመኝ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማኅበሩ ነው። ቀኑን የሚጠብቁ ሰዎች አብረው ይጸልያሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ የታመመውን ይጠይቃሉ። ብቸኛ የነበረ ሰው ወንድምና እህት ያገኛል። ከስሌቱ መውጣት ከእነዚህ ሰዎች መለየት ይሆንበታል። ይህን የማይረዳ ሰው በቁጥር ብቻ ሊያሳምን ይሞክርና ለምን እንዳልተሰማ ይገርመዋል።

ከዚያም የተከፈለው ዋጋ አለ። ሰው ቤቱን ከሸጠ፣ ሥራውን ከለቀቀ፣ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ከተናገረ በኋላ «ተሳስቻለሁ» ማለት ያን ሁሉ በአንድ ቃል ማጣት ነው። በዲሴምበር 1954 በቺካጎ አካባቢ ጥቂት ሰዎች ጎርፍ ምድርን ሊያጠፋ ነው፣ እኛን ግን ከሌላ ዓለም የሚመጡ ያድኑናል ብለው ጠብቀዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1956 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀኑ ከከሸፈ በኋላ አማኞቹ ይብሱን መስበክ ጀመሩ አሉ። ይህን ጥናት ያለ ጥያቄ መጥቀስ አልፈልግም፤ ተመራማሪዎቹ አማኝ መስለው በትንሹ ቡድን ውስጥ ስለገቡ በሁኔታው ላይ ራሳቸው ተጽዕኖ አድርገዋል ተብሎ በብርቱ ይተቻል። ነገር ግን ዋጋ የከፈሉበትን ነገር መተው ከባድ መሆኑን ለማወቅ ያ ጥናት ግድ አይደለም። ከ1844 በኋላ ብዙዎቹ ተበተኑ፤ የቀሩት ግን «ቀኑ ልክ ነበር፤ የተፈጸመው ግን በምድር ላይ ሳይሆን በሰማይ ነው» አሉ። ካምፒንግም ሜይ 21 ሲያልፍ «ፍርዱ በመንፈስ ተፈጽሟል፤ የሚታየው ኦክቶበር 21 ነው» አለ። እንዲህ ያለ መልስ ባለበት ትንበያው ጭራሽ ሊሳሳት አይችልም። ሊሳሳት የማይችል ነገር ደግሞ ልክ መሆኑም የሚታወቅበት መንገድ የለም።

የመጨረሻው ምክንያት የከሸፈው ነገር ቶሎ መረሳቱ ነው። በ1988 አንድ የቀድሞ የናሳ መሐንዲስ ምእመናን በዚያ ዓመት ወደ ሰማይ የሚነጠቁባቸውን 88 ምክንያቶች ዘርዝሮ ጻፈ፤ መጽሐፉም በሚሊዮን ቅጂዎች ተሰራጨ። ዓመቱ ሲያልፍ ስሌቱ አንድ ዓመት ተዛብቷል ብሎ ለ1989 ሌላ ጻፈ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ብዙ ወጣቶች በቲክቶክ ሌላ የመነጠቅ ቀን ሲጠብቁ ነበር። አብዛኞቹ በ1988 አልተወለዱም። ማንም አልነገራቸውም።

«ባይፈጸምም ጉዳት የለውም»

እዚህ ስደርስ ልስልስ ብዬ መጻፍ ያቅተኛል። ጸሐፊው ስለ ኮሳዎች ሰምተው ቢሆን ኖሮ ይህን መስመር አይጽፉም ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩት ኮሳዎች ከ1850 እስከ 1853 ከእንግሊዞች ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል፤ መሬታቸው ተወስዷል። በ1853 ከአውሮፓ በመጡ ከብቶች የገባ የሳንባ በሽታ መንጋቸውን መፍጀት ጀመረ። በ1856 ኖንግቃውሴ የተባለች የ15 ዓመት ገደማ ልጃገረድ በወንዝ ዳር የሙታን መንፈሶች እንዳነጋገሯት ተናገረች። መልእክቱ ይህ ነበር፦ ከብቱን ሁሉ እረዱ፤ እህሉን አጥፉ፤ አትዝሩ። ያን ጊዜ ሙታን ይነሣሉ፤ ጤነኛ ከብት ከምድር ይወጣል፤ ነጮቹም ወደ ባሕር ይጠረጋሉ። ንጉሥ ሳርሂሊ አመነ፤ ሕዝቡም ማረድ ጀመረ። አንድ ቀን ተቆረጠ፤ አለፈ። ሌላ ተቆረጠ። በፌብሩዋሪ 1857 የመጨረሻው ቀን ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጥታ ገባች።

ወደ 400,000 የሚጠጋ ከብት ታርዶ ነበር። ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው በረሃብ አለቀ። ከሞት የተረፉት በአሥር ሺህ እየሆኑ በቅኝ ገዢው እርሻ ላይ ለጉልበት ሥራ ገቡ፤ ገዢው ጆርጅ ግሬይም ባዶ የቀረውን መሬት ለሰፋሪዎች ሰጠ። በጦርነት ያልተሰበረ ሕዝብ በአንድ ቀን ቀጠሮ ተሰበረ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ቀኑ በከሸፈ ቁጥር ጥፋቱ የተጣለው ከብታቸውን ባላረዱት ጥቂቶች ላይ ነበር። በእነሱ አለማመን ሙታን ቀሩ ተባለ። ዕዳው ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል።

በኡጋንዳ ካኑንጉ አንድ የሃይማኖት ቡድን ዓለም ዲሴምበር 31 ቀን 1999 ታልፋለች አለ። አላለፈችም። ማርች 17 ቀን 2000 የጸሎት ቤታቸው ሰዎች ውስጡ እንዳሉ ነደደ፤ በኋላም በሌሎች ቤቶች የተቀበሩ አስከሬኖች ተገኙ፤ የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በ2023 በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ ከ400 በላይ አስከሬኖች ተቆፍረው ወጡ፤ ብዙዎቹ ፍጻሜው ሳይደርስ በጾም ሞተን ወደ ጌታ እንሂድ የተባሉ ናቸው፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሕፃኑ ምኑን አምኖ ነው?

ጸሐፊው «ወደ ንስሐ ይመራል» ይላሉ። የሃይማኖት መጻሕፍት ራሳቸው ምን እንደሚሉ ግን አልጠቀሱም። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቁጥር 36 ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሰማይ መላእክትም እንደማያውቋት ይናገራል። ቁርኣንም በሱረቱል አዕራፍ ቁጥር 187 የሰዓቲቱ ዕውቀት በጌታ ዘንድ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይህን ዓይነት ስሌት የሚያሰሉ ሰዎች ጣቶቻቸውን ዘርግተው እንዲያሳርፉ የክርስቶስ ቃል ያዝዛቸዋል ብሎ ጽፏል። አይዛክ ኒውተን እንኳ ራሱ ሲያሰላ ኖሮ ከ2060 በፊት የሚያልቅበት ምክንያት አይታየኝም ያለው፣ ቀን እየቆረጡ የሚከሽፍባቸው ሰዎች ትንቢቱን ራሱን መሳለቂያ ስለሚያደርጉት እነሱን ዝም ለማሰኘት መሆኑን ጽፏል። እምነታቸውን አክብረው የያዙ ሰዎች ይህን አደጋ ከማንም በፊት አይተውታል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ያልሆነለት ነቢይ በድፍረት ተናገረ ይባላል፤ ስሌቱ ተዛባ አይባልም።

ካምፒንግ በማርች 2012 ለአድማጮቹ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ቀን መቁረጡ ኃጢአት እንደነበረ አምኗል። በ90 ዓመቱ እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም፤ አከብርለታለሁ። ሆኖም ቀኑን ለማሳወቅ ለዓመታት ያጠራቀመውን ከ100,000 ዶላር በላይ በማስታወቂያ ላይ ያፈሰሰው ጡረተኛ ገንዘቡ በዚያ ደብዳቤ አልተመለሰለትም።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ነገር አንድ ነው። ስለ ዓለም ፍጻሜ ያላቸውን እምነት ይጻፉ፤ ይስበኩ። «ከአሥር ዓመት በላይ አንቆይምና ዕቅድ አታውጡ» የሚለውን አንቀጽ ግን ያንሡ። ማንሣት ካልወደዱ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምረው በስማቸው ይፈርሙበት፦ አሥር ዓመቱ ካለፈ፣ ይህን ምክር ሰምቶ ትምህርቱን ያቋረጠውን የማስተምረው፣ ቤቱን የሸጠውንም ቤት የምሠራለት እኔ ነኝ።